የቲቤት ፍርስራሽ ግንቦችና መቃብሮች፦ ሰሞኑን ለተሰራጨው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ምዕራብ ቲቤት የተጻፈ አንድ ረጅም ጽሑፍ ብዙ ሰው ሲቀባበለው ሰንብቷል። የሚለው በአጭሩ ይህ ነው፦ በደጋው ላይ ያሉት ፍርስራሽ ግንቦች፣ ትክል ድንጋዮችና መቃብሮች በሙሉ ዣንግ ዡንግ የተባለ የአንድ የጠፋ መንግሥት ሥራ ናቸው። ዕድሜያቸው 18,000 ዓመት ነው። በዚያ ከፍታ ተራ ሰው ኖሮ ድንጋይ ሊያነሣ ስለማይችል የሠሯቸው ሌሎች ናቸው። ትክል ድንጋዮቹ ከእኛው ጢያ ጋር አንድ ምንጭ አላቸው። ዋና ከተማው የኪዩንግሉንግ የዋሻ ከተማ ነው። ቲቤታውያን ሬሳን ለአሞራ እንጂ ለአፈር ስለማይሰጡ መቃብሮቹ የባዕድ ናቸው። የጻፓራንግ ሕዝብ በአንድ ሌሊት ጠፍቷል። የካይላስ ተራራ በእጅ የተሠራ ፒራሚድ ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ የመቃብሮቹን መገኛ በጂፒኤስ ቁጥር ዘርዝሮ «ሄዳችሁ ራሳችሁ ፈትሹ» ይላል።

ጸሐፊው ቦታውን እንደሚወደው ያስታውቃል፤ የለጠፋቸው ፎቶዎችም በእርግጥ የዚያው አካባቢ ናቸው። የስህተቶቹ ሁሉ ሥር ግን አንድ ነው። ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የሚራራቁ ሥራዎችን ጨፍልቆ የአንድ ሕዝብና የአንድ ዘመን አድርጓቸዋል። ዘመኖቹ ሲለዩ «ምስጢር» ከተባለው አብዛኛው መልስ ያገኛል። ነጥቦቹን በጽሑፉ ቅደም ተከተል እንያቸው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ሁሉም የአንድ መንግሥት ሥራ ነው»

ዣንግ ዡንግ የፈጠራ ስም አይደለም። ከዱንሁዋንግ ዋሻ በወጡት የጥንት ቲቤትኛ ጽሑፎች ውስጥ ምዕራቡን ይገዛ የነበረው ንጉሥ ሊግሚ በ640ዎቹ በማዕከላዊ ቲቤት ንጉሥ በሶንግጸን ጋምፖ ድል እንደተነሣ ተጽፏል። ከዚህ የምንረዳው በሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዚያ አካባቢ በዚህ ስም የሚታወቅ መንግሥት እንደነበረ ነው። ከዚያ ሺህ ዓመት አስቀድመው በሜዳው ላይ ትክል ድንጋይ ያቆሙት ሰዎች በምን ስም ይጠሩ እንደነበር ግን ከዚህ ጽሑፍ ማውጣት አይቻልም። ድንጋዮቹ ላይ ከዘመናቸው የተቀረጸ ፊደል የለም፤ በአንዳንዶቹ ላይ የሚነበበው ጸሎት ኋላ የቡድሃ እምነት ተከታዮች የጨመሩት ነው።

ከ1990ዎቹ ጀምሮ ይህን ደጋ ሲያስስ የኖረው አሜሪካዊው ተመራማሪ ጆን ቪንሰንት ቤሌዛ ከ700 በላይ ቦታዎችን መዝግቧል። የመዝገቡ ትልቁ ጥቅም ቦታዎቹን በየዓይነታቸው መለየቱ ነው። በጥቅሉ ሲታይ፣ በሰሌዳ ድንጋይ የታጠሩት ትክል ድንጋዮች ከክርስቶስ ልደት በፊት ወዳለው የመጨረሻ ሺህ ዓመት ይጠጋሉ። በኮረብታ ጫፍ ላይ ያለ እንጨት በድንጋይ ብቻ የተሠሩት መኖሪያዎችና ምሽጎች ከዚያ ጀምሮ ረጅም ዘመን ይሸፍናሉ። ሐርና የወርቅ ጭምብል የተገኘባቸው ጥልቅ መቃብሮች ከክርስቶስ ልደት በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ መቶ ዓመታት ውስጥ ይወድቃሉ። በማዕከላዊ ቲቤት በቾንግዬ ያሉት የነገሥታት ጉብታዎች ከሰባተኛው እስከ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ የተሠሩ ናቸው። በጥሬ የጭቃ ጡብ ከፍ ከፍ ብለው የተገነቡት፣ ዋና ከተማው ጻፓራንግ የነበረው የምዕራብ ቲቤቱ የጉጌ መንግሥት ግንቦች ደግሞ ከአሥረኛው መቶ ክፍለ ዘመን እስከ 1630 ያለው ዘመን ሥራ ናቸው።

ጽሑፉ ውስጥ «አንድ ወጥ ግንብ» ተብሎ የቀረበው ፎቶ ራሱ ሁለት ዘመን ያሳያል። ግርጌው የገደሉን ጠርዝ ተከትሎ የሚጣመም የድንጋይ ካብ ነው፤ በላዩ ላይ ቀጥ ያለ የጡብ ግድግዳ ቆሟል፤ በጡቡ ላይ የወራጅ እንጨት ቀዳዳዎች ተደርድረው ይታያሉ፤ በካቡ ላይ አንድም የለም። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የደረሰ ሰው አስቀድሞ ማዕዘኖቹን መመርመር አለበት። የሁለቱ ግድግዳዎች ድንጋዮች አንዱ በሌላው ውስጥ ገብተው ተጠላልፈው ከሆነ ግድግዳዎቹ አብረው የወጡ ናቸው። አንዱ ከሌላው ጋር ተገናኝቶ ብቻ የቆመ ከሆነ የተለጠፈው ኋላ የመጣ ነው። በካቡና በጡቡ መካከል አመድ፣ አቧራ ወይም የወዳደቀ ድንጋይ ከተገኘ ደግሞ ቦታው ፈርሶ ሰው ሳይኖርበት ከቆየ በኋላ እንደገና ተይዟል ማለት ነው። ይህን ሳይመለከቱ ለሙሉው ኮረብታ አንድ ቀን መስጠት ከመጀመሪያው ያሳስታል።

«ዕድሜው 18,000 ዓመት ነው»

ይህ ቁጥር ከቁፋሮ የመጣ አይደለም። የቲቤት ነባር የሆነው የቦን ሃይማኖት ተከታዮች መሥራቹ ቶንፓ ሼንራብ ከ18,000 ዓመት በፊት እንደተወለደ ያምናሉ፤ ጽሑፉ ይህን ቁጥር ወስዶ ለግድግዳዎቹ ሰጥቷል። እምነታቸው ሊከበር ይገባል፤ የግድግዳ ዕድሜ ግን ከግድግዳው ውስጥ በወጣ ነገር ነው የሚለካው።

ጽሑፉ «ካርቦን 14 በከፍታ ቦታ ስለሚሳሳት ወጣት ቀን ይሰጣል» ብሎ ለማምለጥ ይሞክራል። ስሌቱን እንሥራው። ሕይወት በነበረው ነገር ውስጥ ያለው ካርቦን 14 ነገሩ ከሞተ በኋላ በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል። የ2,500 ዓመት ዕድሜ ባለው ፍልጥ ውስጥ ከመጀመሪያው መጠን 74 በመቶ ገደማ ይቀራል፤ የ18,000 ዓመት ዕድሜ ባለው ውስጥ ግን 11 በመቶ ገደማ ብቻ። 11ን 74 አስመስሎ የሚያሳይ ስህተት እንዲፈጠር ናሙናው በአብዛኛው በአዲስ ካርቦን መተካት አለበት፤ ያ ደግሞ ከየቦታው በወጡ ናሙናዎች ሁሉ ላይ በአንድ ዓይነት መጠን ሊደርስ አይችልም።

እውነተኞቹ ችግሮች ሌሎች ናቸው፤ አብዛኞቹም ቀኑን የሚገፉት ወደ ሽማግሌነት ነው። የመጀመሪያው የጥድ እንጨት ነው። ጥድ መቶዎችን ዓመታት ይኖራል፣ በደረቁ አየርም ሳይበሰብስ ይቆያል፤ እንጨት ብርቅ በሆነበት አገር ደግሞ ከፈረሰ ቤት የወጣ ወራጅ ለሚቀጥለው ቤት ያገለግላል። ከእንዲህ ያለ ወራጅ መሃል የተወሰደ ናሙና ቤቱን ከትክክለኛው ዕድሜው ብዙ መቶ ዓመት ሊያስረጀው ይችላል። መፍትሔው ከግንዱ የመጨረሻውን የውጭ ቀለበት መውሰድ፣ ከተቻለም እንጨቱን ትቶ በጭቃው ውስጥ የተቦካውን ጭድ ወይም ቀጭን ጭራሮ መውሰድ ነው፤ ጭድ የሚያድገው በአንድ ክረምት ነውና። ሁለተኛው ከሐይቅ የሚመጣ ናሙና ነው። በደጋው ሐይቆች ውስጥ ከኖራ ድንጋይ የሟሟ ያረጀ ካርቦን ስላለ የዛጎልና የዓሣ አጥንት ዕድሜ በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺህ በሚቆጠሩ ዓመታት ከፍ ብሎ ይወጣል። ሦስተኛው በተቃራኒው ቀኑን የሚያቀርበው የእረኛ ምድጃ ነው። ፍርስራሽ ከነፋስ ስለሚከልል እረኛ ገብቶ እሳት ያነድበታል፤ ከወለሉ ላይ የተለቀመ ከሰል የግንቡን ሳይሆን የትናንቱን እራት ዘመን ይነግራል። አራተኛው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ800 እስከ 400 ባለው ጊዜ የካርቦኑን መጠን ወደ ዓመት የሚቀይረው የማስተካከያ መስመር ጠፍጣፋ መሆኑ ነው። በዚያ ክፍተት ውስጥ የወደቀ አንድ ናሙና እስከ አራት መቶ ዓመት ስፋት ያለው መልስ ይሰጣል፤ ስለዚህ ከአንድ ግድግዳ ከልዩ ልዩ ቦታ ቢያንስ ሦስት ናሙና ካልተወሰደ ጠባብ ቀን መናገር ድፍረት ነው።

ሰው ግን ከ18,000 ዓመት በፊትም በደጋው ላይ ነበረ። በ2018 ውጤቱ የታተመው የንዋ ደቩ ቦታ 4,600 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ከ30,000 እስከ 40,000 ዓመት ዕድሜ ያላቸው የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኝተውበታል። እነዚያ ሰዎች አዳኞች ነበሩ፤ ግንብ አልሠሩም። በ2015 የወጣው ሰፊ ጥናት እንዳሳየው ከ3,000 ሜትር በላይ ቋሚ የእርሻ ኑሮ የተስፋፋው ከ3,600 ዓመት ወዲህ ነው፤ ያስቻለውም ውርጭ የሚችለው ገብስ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ገበሬዎች ይዘሩት የነበረው ሚሌት የተባለ ጥቃቅን እህል ውርጩን ስለማይችል ከ2,500 ሜትር ብዙ አልዘለሉም። ለግንብ ሠሪ ጎተራ ያስፈልገዋል፤ ጎተራውን የሞላው ገብሱ ነው።

«ተራ ሰው በዚያ ከፍታ ሊሠራው አይችልም»

ይህኛው በደጋው ላይ ዛሬም የሚኖረውን ሕዝብ አያቶች ሥራ ከእጃቸው ስለሚነጥቅ ከሁሉም የከፋ ነው። ቲቤታውያን በስስ አየር ውስጥ ደማቸው ከመጠን በላይ እንዳይወፍር የሚያደርግ ኢፓስ1 የተባለ የዘረ መል ልዩነት አላቸው። ከፍታ ለሰው እንግዳ አለመሆኑን ደግሞ በአገራችን የባሌ ተራሮችም ያሳያሉ፤ በ3,469 ሜትር ላይ ባለው በፊንጫ ሀበራ ዋሻ ውስጥ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች ምድጃ አንድደው ግዙፉን የባሌ ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ እንደነበር በ2019 ታትሟል።

ወደ ድንጋዩ እንምጣ። ዶካንግ የሚባሉት ሙሉ በሙሉ በድንጋይ የተሠሩ ቤቶች አሠራራቸው ከፍርስራሹ ይነበባል። ቤቱ ከኋላው ወደ ዳገቱ ተቆፍሮ ይገባል፤ ስለዚህ የኋላው ግድግዳ ከፊሉ ተራራው ራሱ ነው። ቀሪው ግድግዳ በሁለት ፊት የተካበ፣ መሃሉ በጠጠርና በአፈር የተሞላ፣ ውፍረቱ ከግማሽ ሜትር የሚበልጥ ነው። ቁመቱ ከሰው ራስ ትንሽ ከፍ ሲል ጠንካራና ረጃጅም ድንጋዮች አፍንጫቸው ወደ ክፍሉ ውስጥ እንዲወጣ ተደርገው በግድግዳው አናት ላይ ይቀመጣሉ። ከእያንዳንዱ ድንጋይ ርዝመት ከግማሽ የሚበልጠው በግድግዳው ውስጥ መቅረት አለበት፤ በጅራቱም ላይ ሌላ ድንጋይ ይጫናል፤ አለዚያ ወደ ውስጥ ይገለበጣል። በአፍንጫዎቹ ላይ እንደ ወራጅ የሚያገለግሉ ረጃጅም ድንጋዮች ከዳር እስከ ዳር ይጋደማሉ። በእነዚያ ላይ ስስ ሰሌዳዎች ይነጠፋሉ፤ ክፍተቱ በጠጠር ይወተፋል፤ በመጨረሻም ጣሪያው በሸክላ አፈር ይለበጣል።

የክፍሎቹ ጠባብነት ምክንያቱ እዚህ ላይ ነው። ከሁለቱም ወገን 40 ሴንቲ ሜትር የወጣ አፍንጫና የ1.5 ሜትር ወራጅ ድንጋይ ቢኖር፣ ወራጁ በየጫፉ ጥቂት መደገፊያ ስለሚፈልግ የሚሸፍኑት ስፋት ሁለት ሜትር ገደማ ነው። ክፍሉን ከዚያ ለማስፋት ከግድግዳው ወደ ውስጥ የሚወጣ ድጋፍ ካብ መጨመር ያስፈልጋል። ቤቱ በትንንሽ ክፍሎች የተከፋፈለው፣ በሩም ጎንበስ ካላሉ የማያስገባው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ዝቅተኛው በር ሙቀቱንም ይይዛል። ጽሑፉ «የግዙፋን ቤት» ይላል፤ ግዙፍ ሰው በዚህ በር አይገባም።

ክብደቱንም እንለካ። ርዝመቱ 1.5 ሜትር፣ ስፋቱ 40 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወራጅ ድንጋይ ይዘቱ 0.06 ሜትር ኩብ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ድንጋይ 2,650 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ድንጋዩ ወደ 160 ኪሎ ይሆናል። አራት ሰው በገመድና በአጣና የሚያነሣው ነው። ድንጋዩም ከሩቅ የመጣ አይደለም፤ እንዲህ ያሉ ቤቶች የሚበዙት አለቱ በተፈጥሮው በሰሌዳ በሰሌዳ እየተሰነጠቀ በሚወርድባቸው ዳገቶች ላይ ነው።

የሚፈርሱበትም መንገድ አሠራራቸውን ይመሰክራል። የጣሪያው ሸክላ ካልታደሰ ውኃ ሰርጎ የግድግዳውን ሆድ አፈር ያጥባል፤ ሌሊት ሲበርድ ውኃው በረዶ ሆኖ ካቡን ወደ ውጭ ይገፋል፤ የአፍንጫው ጅራት ጭነቱን ሲያጣ ጣሪያው ከመሃል ይወርዳል። እረኞች ለበረት ድንጋይ ሲፈልጉ ከግድግዳው አናት ስለሚያነሡ ይህንኑ ጭነት ነው የሚያነሡት፤ ጥቂት ድንጋይ የተነሣበት ቤት በጥቂት ክረምት ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ በክፍሉ መሃል ረጃጅም ጠፍጣፋ ድንጋዮች ተከምረው ከተገኙ ቤቱ የድንጋይ ጣሪያ ነበረው፤ ክምሩ አፈርና ትንንሽ ድንጋይ ብቻ ከሆነ ግን ጣሪያው የእንጨት እንደነበረና እንጨቱ እንደተወሰደ መጠርጠር ይገባል።

«ትክል ድንጋዮቹ ከጢያ ጋር አንድ ናቸው»

ለእኛ አንባቢ ደስ የሚል ሐሳብ ነው፤ ማስረጃው ግን ከተቃራኒው ወገን ነው። ጢያ በ1980 በዩኔስኮ የተመዘገበው በ36 ሐውልቶቹ ነው፤ ከእነርሱም 32ቱ ቅርጽ አላቸው፣ ሰይፍና ሌሎች ምልክቶች ጎልተው ተቀርጸውባቸዋል፤ ዘመናቸውም ከ12ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደሆነ ይገመታል። የቲቤቶቹ ያልተቀረጹ ናቸው፣ አብዛኞቹ ከሰው ቁመት ያንሳሉ፣ ከጢያም ሺህ ዓመትና ከዚያ በላይ ይቀድማሉ።

አቀማመጣቸውም ሌላ ነው። አንደኛው ዓይነት በአራት ማዕዘን አጥር ውስጥ፣ ወደ ምዕራቡ ግድግዳ ተጠግተው የቆሙ ጥቂት ድንጋዮች ናቸው። ሁለተኛው ዓይነት በረድፍ የተተከሉ ብዙ ትንንሽ ድንጋዮች ሲሆኑ፣ ከረድፎቹ በስተ ምዕራብ የድንጋይ ሕንፃ አለ። ሩሲያዊው ተመራማሪ ጆርጅ ሮሪክ በ1928 በቲቤት በዶሪንግ ያየው 18 ረድፍ ከዚህኛው ነው። ሮሪክም ያኔ ቦታውን ከፈረንሳዩ የካርናክ ትክል ድንጋዮች ጋር አንድ አድርጎት ነበር፤ የጢያው ንጽጽር ያንኑ ስህተት መድገም ነው። የቆመ ድንጋይ በብዙ አገር አለ። ዝምድና የሚረጋገጠው ዘመኑ፣ አቀማመጡ፣ ከሥሩ ያለው ቀብርና በመካከል ያለው መንገድ አንድ ላይ ሲገጥሙ ነው። ለቲቤቶቹ ዘመድ ከተፈለገ ወደ ሰሜን፣ በሰሌዳ ድንጋይ የታጠሩ መቃብሮች ወዳሉባት ሞንጎሊያና ወደ ደቡብ ሳይቤሪያ መመልከት ይሻላል።

ጽሑፉ በሳተላይት ምስል «መቶ መቃብር ቆጠርኩ» ማለቱም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከሰማይ ሲታይ በረትና የመቃብር አጥር አንድ ይመስላሉ። መሬት ላይ ሲደርሱ ግን የመቃብሩ አጥር ሰሌዳ ድንጋዮች በጠርዛቸው መሬት ውስጥ ተቀብረው በሁለት ትይዩ መስመር የቆሙ፣ ከአፈሩ ብዙም የማይወጡ ናቸው፤ ጎኖቹ ወደ አራቱ አቅጣጫ ያቀናሉ፤ ቦታውም ወደ ምሥራቅ የተከፈተ ሜዳ ነው። በረት ግን የተካበ ነው፣ በር አለው፣ ከነፋስ በሚከልል ዳገት ሥር ይሠራል፣ ሲቧጭሩት ፍግ ይወጣዋል። ያረጀ አጥር በረት ሆኖ ሲያገለግል ሁለቱም ምልክት ስለሚገኝ የታችኛው የሰሌዳ መስመር ነው የሚታመነው።

የኪዩንግሉንግ ነገር

በሱትሌጅ ወንዝ ዳር ያለው የኪዩንግሉንግ የዋሻ ከተማ ለዓይን ያስደንቃል፤ ጽሑፉ ያለ ጥርጥር ዋና ከተማ ያደረገውም ለዚህ ይመስላል። የጥንቱ ጽሑፍ ኪዩንግሉንግ ለሚለው ግንብ ሌላው ተፎካካሪ ግን ከወንዙ ሽቅብ፣ በጉሩግያም ገዳም አጠገብ ያለው የካርዶንግ ኮረብታ ነው። በጫፉ ላይ ሰፊ የድንጋይ ሕንፃዎች ፍርስራሽ አለ፤ ከግርጌው የተገኘው የመቃብር ስፍራ ደግሞ ሚዛኑን ወደዚያ ያደላዋል።

በ2006 በገዳሙ ደጃፍ አንድ መቃብር ተገኘ፤ ከ2012 ጀምሮም የቻይና ማኅበራዊ ሳይንስ አካዳሚ የአርኪዮሎጂ ተቋም ቦታውን ቆፈረ። ከመቃብሮቹ ንጉሥና መስፍን የሚል የቻይንኛ ፊደል የተሸመነበት ሐር ወጣ። በ2016 ደግሞ ከዚያው የተገኘ የደረቀ ቅጠል ካፌይንና ቲያኒን የተባሉ ንጥረ ነገሮች ስለተገኙበት ሻይ መሆኑ ታወቀ፤ ዕድሜው 1,800 ዓመት ገደማ ነው። ሻይ በደጋው አይበቅልም፤ ሐሩም ከቻይና የመጣ ነው። ይህን ያህል ዕቃ ከሩቅ አስመጥቶ ከሬሳ ጋር የሚቀብር ወገን ሥልጣንና ሀብት ነበረው።

የዱንሁዋንጉም ጽሑፍ ይረዳል። የሶንግጸን ጋምፖ እኅት ሰማርካር ለሊግሚ ተድራ በኪዩንግሉንግ ግንብ ስትኖር፣ ሌሎች ከውጭ ገደል ከውስጥ ወርቅና ዕንቁ ነው የሚሉት ቦታ ለእርሷ ደረቅና አስቸጋሪ እንደሆነባት፣ ምግቡም ዓሣና ስንዴ እንደሆነ በዜማ ታማርራለች። ገደል የሚለው ለሁለቱም ቦታ ይስማማል፤ ብቻውን አይወስንም። ስለዚህ ካርዶንግ የተሻለ ማስረጃ አለው ማለት ይቻላል፤ «የዋሻው ከተማ ነው፣ አለቀ» ማለት ግን አይቻልም። ዋሻ ራሱ ለዘመን መለያ ደካማ ነው፤ በአንድ ዘመን የተፈለፈለው ክፍል እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ይኖርበታል፣ እያንዳንዱ ነዋሪም የቀድሞውን ጥርጊያ ይጥለዋል።

«ቲቤታውያን አይቀብሩም»

ሬሳን ለአሞራ መስጠት የተስፋፋው ከቡድሃ እምነት ጋር በኋለኛው ዘመን ነው። ከዚያ በፊት ነገሥታቱ ራሳቸው ይቀበሩ ነበር። በ649 ገደማ የሞተው ሶንግጸን ጋምፖ ያረፈበት የሚባለው የቾንግዬ ጉብታ ጎኑ ከ100 ሜትር ይበልጣል፤ አናቱ ላይ ትንሽ ቤተ መቅደስ አለ። ከጉብታዎቹ በአንዱ ዘንድ የድንጋይ አንበሶች ቆመዋል፤ የንጉሥ ትሪዴ ሶንግጸን የተጻፈበት የድንጋይ ሐውልትም በዚያው ይገኛል። መቃብሮቹን የባዕድ የሚያሰኝ ነገር የለም።

ሥርዓቶቹም በአንድ መስመር የተለዩ አልነበሩም። በሰሜን ኔፓል በላይኛው ሙስታንግ በሳምዞንግ፣ ማርክ አልደንደርፈር በመራው ቁፋሮ ከክርስቶስ ልደት በኋላ ከአምስተኛው እስከ ሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሆኑ የዋሻ መቃብሮች ተከፍተው ነበር። በብዙዎቹ አጥንቶች ላይ ሥጋው በቢላ እንደተገፈፈ የሚያሳይ ጭረት ታይቷል፤ ሆኖም አጥንቶቹ ከከብት፣ ከሐርና ከወርቅና ብር ጭምብል ጋር በክብር ተቀብረዋል። ሥጋን መግፈፍና መቅበር በአንድ ሥርዓት ውስጥ ሲሄዱ እያየን አንዱን የአገሬው፣ ሌላውን የባዕድ ማድረግ አያስኬድም። ተመሳሳይ ጭምብል በምዕራብ ቲቤት ጻንዳ ውስጥ በቹታግ፣ በሕንድም በኩል በማላሪ ተገኝቷል፤ ይህም በሂማላያ ግራና ቀኝ የነበሩ ሰዎች ይገናኙ እንደነበር ያሳያል።

ጻፓራንግ በአንድ ሌሊት አልጠፋችም

የጉጌ መንግሥት ፍጻሜ በጽሑፍ ተመዝግቧል። ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ አንቶኒዮ ደ አንድራዴ በ1624 ከሕንድ ተራራውን ተሻግሮ ጻፓራንግ ገባ፤ በ1626 ቤተ ክርስቲያን ተሠራ። በዚያው ዓመታት በዚያው በጎዋ ሥር የሚተዳደሩ ኢየሱሳውያን በአፄ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥት ነበሩ። የጉጌው ንጉሥ ለሚሲዮኖቹ ማድላቱ ከገዳማቱ ጋር አጣላው፤ በ1630 ዐመፅ ተነሣ፤ የጎረቤቱ የላዳክ ንጉሥ ሰንጌ ናምግያል ገብቶ ከተማዋን ያዘ፤ የጉጌው ንጉሥ ምርኮኛ ሆኖ ወደ ላዳክ ዋና ከተማ ወደ ሌህ ተወሰደ። ከዚያ በኋላ የላዳክ ሹማምንት ገዙ፤ ከ1679 እስከ 1684 በተደረገው ጦርነት ደግሞ አገሩ ለላሳ ተላለፈ። ቤተ መንግሥት የሌላት ከተማ ገበያዋንና ሠራተኛዋን ታጣለች፤ ሰዉ ወደ መንደሮቹ ተበተነ፣ የገዳማቱ አገልግሎት ቀጠለ። በኮረብታው ላይ ከ400 በላይ የቤት ፍርስራሽና ከ800 በላይ ዋሻ ተቆጥሯል። ጽሑፉ የሕዝቡን ቁጥር ያገኘው እያንዳንዱን ዋሻ በቤተሰብ አባዝቶ ነው፤ ከእነዚህ ግን ብዙዎቹ ጎተራ፣ የመነኩሴ ክፍልና የጦር ዕቃ ማስቀመጫ ናቸው፤ በአንድ ጊዜም አልተፈለፈሉም።

ስለ ካይላስ ብዙ ማለት አያስፈልግም። 6,638 ሜትር የሚረዝመው ይህ ተራራ በወንዝ ተንከባሎ በተጠራቀመና ከ20 ሚሊዮን ዓመት በፊት በተጣበቀ ጠጠር አለት የተሠራ ነው። ንብርብሮቹ አግድም ስለተኙ ለስላሳው ቶሎ፣ ጠንካራው ቀስ እያለ ይሸረሸራል፤ ደረጃ መስሎ የሚታየው ይህ ነው። በአለቱ ውስጥ ያሉት ድብልብል ጠጠሮች በቅርብ ሲታዩ ይለያሉ።

«ሄዳችሁ ፈትሹ» ስለሚለው

እነዚህ ቦታዎች ወዳሉበት የምዕራብ ቲቤት አውራጃ ወደ ንጋሪ የሚሄድ የውጭ አገር ሰው የቲቤት መግቢያ ፈቃድ፣ የውጭ ዜጎች የጉዞ ፈቃድና የወታደራዊ ቀጠና ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ በቻይና ሕግ ከመሬት በታች ያለ ቅርስ ሁሉ የመንግሥት ነው። ከሕጉ ይልቅ የሚያሳስበው ግን ጉዳቱ ነው። በቺንግሃይ በዱላን ያሉት የቲቤት ንጉሠ ነገሥታዊ ዘመን መቃብሮች በጥድ ግንድ የተሠሩ ናቸው፤ በዚያ አካባቢ የጥድ ቀለበት ከ2,000 ዓመት በላይ ተቆጥሮ ስለተያያዘ፣ ቅርፊቱ ያልተላጠ ግንድ የተቆረጠበትን ዓመት ሊናገር ይችላል። በ2018 ዘራፊዎች ከእነዚህ አንዱን ከፍተው ፖሊስ ከ600 በላይ ዕቃ አስመለሰ። ዕቃው ተመልሷል፤ የትኛው ከየትኛው አጥንት አጠገብ፣ በየትኛው ወለል ላይ እንደነበረ ግን አይመለስም። ዘራፊ ወርቅ ሲፈልግ ግንዱን ሰብሮ ነው የሚገባው፤ የተሰበረው ግንድ የውጭ ቀለበቱን ሲያጣ የመቃብሩ ዓመትም አብሮ ይሄዳል።

ፈቃድ ኖሮት በዚያ የሚያልፍ መንገደኛ ሳይቆፍር የሚጠቅም ነገር መሥራት ይችላል። አጥሩን ከአራቱም ጎን ፎቶ ማንሳት፣ በፎቶው ውስጥ የሜትር መለኪያ ማስቀመጥ፣ የረጅሙን ጎን አቅጣጫ በኮምፓስ መለካት፣ የቆሙና የወደቁ ድንጋዮችን ለየብቻ መቁጠር፣ የወደቀ ድንጋይ የወደቀበትን አቅጣጫ መጻፍ፤ ድንጋይ አለማቅናት፣ ከመሬት የታየ ሸክላ ወይም ዶቃ አለማንሳት። መገኛውን ለሚመለከተው የቅርስ ቢሮ እንጂ ለሕዝብ አለመስጠት። ጽሑፉ ያወጣቸው የጂፒኤስ ቁጥሮች ግን እስከ ሜትር ድረስ የተጻፉ ናቸው፤ ከመካከላቸው ቢያንስ ሁለቱ ያልተቆፈሩ መቃብሮች ላይ ያርፋሉ። ሌላው እርማት ጊዜ ሊወስድ ይችላል፤ ቁጥሮቹ ግን ዛሬውኑ ይነሡ።